ለኤግዚቢት የተያዘው አረቄዬ

ሊይዙኝ የመጡት አረቄ እያወጣሁ ሳለ ነው። ድፍድፉ ፈልቶ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ከመቃው ጫፍ ወርዶ፣ ቤቱ ገና መሽተት ሲጀምር አንድ ሃምሳ አለቃና ሁለት ሚሊሺያዎች በሬ ላይ ቆሙ።

«ተነሽ» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

«እሳቱን ላውጣ፤ እንዲሁ ብተወው ያርርብኛል» አልኩት።

ሰው ሊታሰር ሲል ስለ ድፍድፍ ያስባል ወይ? እኔ አሰብኩ። እሱም፣ ይገርማል፣ ቆሞ ጠበቀኝ። ማገዶውን እየጎተትኩ አመድ ሳለብስ ሚሊሺያዎቹ ጓዳ ገብተው ጀሪካኔን ይዘው ወጡ። የሳምንቱ አረቄ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። መለኪያዎቼን፣ እነዚያን ትንንሽ የአረቄ ብርጭቆዎች፣ ከነትሪያቸው አነሷቸው።

«እሱን ደግሞ ምን ልታደርጉት ነው?»

«ኤግዚቢት ነው» አለኝ አንዱ። ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ማስረጃ ማለት እንደሆነ ኋላ ተነገረኝ። አረቄዬ በእኔ ላይ ሊመሰክር ታሰረ ማለት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በዚያው በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እነሱ ባስተማሩኝ ፊደል ነው፤ አልክድም፣ ውለታቸው አለብኝ።

ቦታው ሽንፋ ነው፣ ከሱዳን ጠረፍ ብዙም የማይርቅ። ወሩ ሰሊጥ የሚታጨድበት፣ ወባም የሚበረታበት ነበር። ሳሉጎቹ፣ እኛ አገር ከደጋ ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እንደዚያ ነው የምንለው፣ በየእርሻው ሞልተዋል። ከእነሱ መካከል አንዱ ሳሉግ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ጎንደር ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲያዙበት ወደ እኔ ወረደ። ቤቴ መጠጥ ቤት ነው፤ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፤ የሚደበቅ ሰው ደግሞ እዚያ አይቀመጥም። የመንግሥት እርሻ ትራክተር የሚነዳ ደንበኛ ነበረኝ። ለእሱ ነገርኩት። አላቅማማም። ልጁን ተሳቢው ላይ አስተኝቶ፣ ባዶ ጆንያ አልብሶ፣ ርቆ ወዳለ የሰሊጥ እርሻ ወሰደልኝ። እዚያ ማጭድ ያዘና ከሳሉጎቹ ጋር ማጨድ ጀመረ። አጨዳው ሲያልቅ መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚያው መጥቶ ወደ ሱዳን ሊያሻግረው ተቀጣጥረናል። ከከተማው ሰው እርሻውን የምናውቀው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን።

ታዲያ እኔን በያዙኝ ዕለት ጠዋት ሾፌሩን ከጋራዡ አንስተውት ኖሯል። ከቤቴ እንግዳ እንደማይጠፋ፣ እሱም ከቤቴ እንደማይጠፋ ያወራ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሞቷል፤ ይተወው።

የታሰርንበት ቤት ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የሰሊጥ መጋዘን ነው። መሐሉን በቆርቆሮ ከፍለውታል፤ ሰፊው ለወንዶች፣ ጠባቡ ለሴት። በሴቶቹ በኩል እኔ ብቻዬን ነበርኩ። መስኮት የለውም። ፀሐይ ስትከር ጣሪያው ጠሽ፣ ጠሽ ይላል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የድሮ ሰሊጥ ቀርቶ ነበርና በጥፍሬ እየለቀምኩ አላምጠው ነበር። ሰሊጥ እንዲያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ አለቃው ራሱ ጠየቀን። «አናርኪስት ታበያለሽ» አለኝ። «እኔ የማበላው የለኝም፤ የማጠጣው ነው» አልኩት። ስለ አጠያየቁ አላወራም። እግሬ አሁን በደንብ ይሄዳል። እኔም ምንም አላልኩ፣ ሾፌሩም ምንም አላለም። ሃምሳ አለቃው ደከመውና «ከጎንደር መርማሪ ይመጣል፤ ለእሱ ትናገራላችሁ» ብሎ ተወን።

ሴት በመሆኔ ምግብ ማብሰሉ ለእኔ ወደቀ። ጠዋትና ቀትር ላይ ያስወጡኝና ግቢው ውስጥ ካለው ዳስ ሥር የማሽላ ገንፎ አገነፋለሁ። ከዚያ አንድ ሚሊሺያ ከኋላዬ እየሄደ ለወንዶቹ በር ላይ አድላለሁ። ሚሊሺያው የጎጃም ሰው ነው፤ በግድ ታፍሶ የመጣ፣ ቆላው ያልተስማማው፣ ፊቱ በወባ የገረጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠመንጃው ከእሱ ይልቅ ይከብድ ነበር።

በማግስቱ ገንፎውን ለሾፌሩ ስሰጠው ሳህኑ ከእጁ ላይ ተንቀጫቀጨ። በሁለት እጁ ያዘው፤ በሁለት እጁም ተንቀጫቀጨ።

«እሜቴ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ ነው» አለኝ። እሜቴ የሚለኝ ለማሾፍ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል።

ይህን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ግዙፍ ነው፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ የማይጠፋ፣ ሳቁ ከቤቴ አልፎ ጎረቤት የሚሰማ። ጠዋት ትራክተሩን ከማስነሳቱ በፊት ይጠጣል፤ ቀትር ላይ ይጠጣል፤ ማታ ይጠጣል። ይህ ለዓመታት ነው። ግን ሰክሮ አይቼው አላውቅም። ሲንገዳገድ፣ ሲሳደብ፣ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሰው «እሱ እኮ ጠጥቶ አይሰክርም» ብሎ ያደንቀዋል። እኔ ደግሞ አረቄ የምሸጥ ሴት ነኝና ከማይሰክር ሰው በላይ የሚያስፈራኝ የለም። የማይሰክረው አረቄው ደሙ ውስጥ ቤት ስለሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማግኘቱ አይጎዳውም፤ ያጣ ለት ነው ጉዱ።

የታሰሩት ሁሉ «ወባ ይዞታል» አሉ። ምን ይበሉ? በእኛ አገር የተንቀጠቀጠ ሁሉ ወባ ነው። ላቡ ቢንቆረቆር ወባ ነው፤ ቢያስመልሰው ወባ ነው። ከጤና ጣቢያ ክሎሮኪን መጣለት። ዋጠው፣ አስመለሰው።

ውኃ ላጠጣው ስጠጋ ግንባሩን ነካ አደረግኩት። ቀዝቃዛ ነው። ወባ ብርዱን አሳልፎ እንደ ምጣድ ያግላል፤ ከዚያ ይለቃል፤ በነጋታው ደግሞ ይመጣል። የዚህ ሰውዬ መንቀጥቀጥ አይሄድም፣ አይመጣም፤ ይብስበታል እንጂ። ያኔ ምን እንደያዘው ገባኝ። ይህን ነገር አንድ ጊዜ አይቼው ነበርና።

አረቄ ማውጣት ያስተማረችኝ ሳንጃ የምትኖር አክስቴ ናት። ልጅ ሆኜ፣ አንድ ደንበኛዋን ሚስቱ ቄስ አስመጥታ «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀምስ» ብላ አስገዘተችው። ሰውዬው ግዝቱን አከበረ። እርግፍ አድርጎ ተወ። እጁ ጀመረ፣ ከዚያ ላቡ፣ ከዚያ እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ማየት ጀመረ፣ ከዚያ እንደሚጥል በሽታ ጣለው። ሞተ። «ወባ ገደለው» ብለው ቀበሩት። አክስቴ ከቀብር ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ «ቀስ አድርጎ ቢተው ኖሮ አይሞትም ነበር» አለችኝ። 

እንግዲህ ሾፌሩ ገና እጁና ላቡ ላይ ነው። የሚቀጥለውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ ያለበትን እርሻ ደግሞ ያ ሰው ያውቃል።

የሚቀጥለው አልዘገየም። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ገንፎ ይዤ በሩ ጋ ስደርስ እስረኞቹ ከአንድ ጥግ ሸሽተው ተደራርበዋል። ሾፌሩ ጥጉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ከክንዱ ላይ የማይታይ ነገር ያራግፋል።

«ማነው ሞተሩን ያላጠፋው?» አለ። «ነዳጁ አለቀ እኮ! አጥፉት!»

ሞተር የለም። ጣሪያው ነው ጠሽ፣ ጠሽ የሚለው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወደ በሩ አየ፤ እኔን ግን አላየኝም። «ውረድ አንተ ልጅ» አለ። «ደርሰናል። ጆንያውን ግለጠው። ውረድ፣ ማንም የለም።»

የሚያወርደው ወንድሜን ነው። ጎጃሜው ሚሊሺያ አንገቱን አስግጎ ገባ።

«የትኛውን ልጅ ነው እሚል?»

«ረዳቱን ነዋ!» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ተሳቢው ላይ እየተኛ የሚያስቸግረው ረዳት ነበረው። ምስኪን፣ አሁን ሥራ ላይ ያለ መስሎታል።»

ሚሊሺያው ራሱን ነቀነቀ። «ወባ ያስለፈልፋል። እኔስ ባለፈው የሞተችውን እናቴን ሳናግር ነው ያደርኩ አሉ።»

«እህ?» አልኩት። 

«በክኒን መች ለቀቀኝ! ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ነው ያዳነኝ።»

ይህን ሲል ቆም አልኩ። አፌ ላይ የደረሰ ነገር ነበር፤ «ወባ አይደለም፣ አረቄ አጥቶ ነው» ልል ነበር። ብል ምን ይሆናል? ሃምሳ አለቃው ሞኝ አይደለም። መጠጥ ያጣ ሰው እንዲህ እንደሚለፈልፍ ከገባው ወንበር አምጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ የሚጠብቀው ሌላ ምን አለ? ዝም ብልስ? ዝም ብል ወይ ሰውዬው ይሞታል፣ ወይ እርሻውን ይናገራል፤ ምናልባት ሁለቱንም። ይህ የጎጃም ሰው ግን ሳያውቀው መንገዱን አሳየኝ። ወባ ነው ብለዋል አይደል? እንግዲያው ወባ ይሁን። የአገሩ የወባ መድኃኒት ደግሞ እኔ የማወጣው ነው።

«እውነትህን ነው» አልኩት። «ይህ የለየለት ወባ ነው። ሃምሳ አለቃው ጋ አድርሰኝ።»

ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ነበር። ጀሪካኔ ጥግ ላይ ቆሟል። ስያዝ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር፤ አሁን ትከሻው ላይ ወርዷል። አረቄዬን ሳወጣ ጤና አዳም ጣል አደርግበታለሁ። ስለዚህ ሰውዬው «ምን ፈለግሽ?» ብሎ አፉን ሲከፍት የሸተተኝ የራሴ ቤት ነው። ማስረጃውን እየጠጡት ኖሯል። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ምላሴን ነክሼ ያዝኩት።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ሾፌሩ ወባ ጠንቶበታል። ክኒኑን እየመለሰው ነው። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ቢሰጠው ይተርፋል።»

«ሴትዮ፣ እስር ቤት ነው ያለሽው ወይስ ቤትሽ?»

«ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ለእርስዎ ነው። ከጎንደር የሚመጡት ሰውዬ ሬሳ ነው የሚጠይቁት?»

 ከበሩ አጠገብ የቆመው ሚሊሺያ ሳይጠየቅ «እኔን ያዳነኝ እሱ ነው ጓድ» አለ። ነፍሱን ይማርና፣ ያን ቃሉን መቼም አልረሳውም።

«ኤግዚቢት ነው» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ጀሪካኑን በዓይኑ ጠቆም አድርጎ።

«አውቃለሁ» አልኩ። እኔም ጀሪካኑን አየሁት። በደንብ፣ ከአንገቱ እስከ ትከሻው አየሁት። ከዚያ እሱን አየሁት።  ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመለኪያ» አለ። «በመለኪያ ብቻ። ሚሊሺያው ቆሞ እያየ።»

«እሺ፣ በመለኪያ።» ሌላስ በምን ሊሆን ኖሯል!

ዳሱ ሥር ሽንኩርቱን በድንጋይ ፈጭቼ አዘጋጀሁ። መስጠቱ አይደለም ያስፈራኝ፤ ልኩ ነው። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። አንድ መለኪያ ለእሱ ከንፈር ማርጠቢያ ነው። ሁለት ላይ እጁ ይረጋል። ሦስት ላይ ወሬው ይጥመዋል፣ ምላሱ ይፈታል። ታዲያ ያ በደህና ቀኑ ነው፤ አሁን የተራበ ሆድ፣ የደከመ ሰውነት ነው ያለው፤ ቶሎ ራሱ ላይ ይወጣል። አንዴ ከገባ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሎሚ አያወጣውም። ራስ ላይ የሚፈስ ውኃ አያወጣውም። ቤቴ ሰዎች ሁሉንም ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ ሰካራሙን ያርሱታል እንጂ አያነቁትም። አረቄ በራሱ ሰዓት ነው የሚወጣ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀጠን ያለ ገንፎ በማንኪያ አጎረስኩት። ሚሊሺያው ራሱን ደገፈልኝ። «እናቴ ነሽ?» አለኝ ሾፌሩ። «አዎ፣ ዋጥ» አልኩት። ከዚያ አንዱን መለኪያ ሰጠሁት። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ጠበቅሁ። ሚሊሺያው ችኩል ነውና «ሌላውን አጠጭው እንጂ» ይለኛል። «መድኃኒት ነው፤ ቀስ ይበል» እላለሁ። ጣሪያው ጠሽ፣ ጠሽ ይላል። ሾፌሩ ክንዱን ማራገፍ አልተወም። ሁለተኛውን ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኘው። ልኩን ስቼ ከሆነ አሁን ነው አፉ የሚፈታው፣ ሚሊሺያውም አጠገቤ ነው። ማርያም ማርያም እላለሁ በልቤ።

መጀመሪያ የረጉት ጣቶቹ ናቸው። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ዓይኑ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ቀስ እያለ መጣና ፊቴ ላይ አረፈ።

«እሜቴ» አለ።

«አቤት።»

«ሽንኩርት ነው የምታጠጭኝ?»

«ለወባህ ነው» አልኩት፣ ቃሉን ጠበቅ አድርጌ።

ወደ ሚሊሺያው አየ። ወደ እኔ አየ። ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም። «ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከኤግዚቢት።»

ሳቀ። ትንሽ፣ የደከመ ሳቅ። ከዚያ ጭንቅላቱ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለና ተኛ፤ ወዲያውም ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ማንኮራፋት ብቻ። እፎይ! ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያንኮራፋ ሰምቼ አልተናደድኩም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እየቀነስኩለት ሄድኩ። መለኪያው እንደ ሞላ ነው የሚወጣው፣ ውስጡ ግን ውኃው እየበዛ ነው። ሽንኩርቱ ሽታውን ይሸፍንልኛል። አንድ ጠዋት ጠጣና ፊቱን አጨማደደ።

«እሜቴ፣ ቤትሽ እንዲህ አልነበረም። ውኃ ጨመርሽበት።»

«ዝም ብለህ ጠጣ፤ ለወባ ሐኪም አይመረጥም» አልኩት።

ሚሊሺያው ኩራቱ አይጣል ነው። ለሁሉም «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ይላል። ከሃምሳ አለቃው ጓዶች አንዱ እንኳ ያዘኝ ብሎ ሽንኩርቱን ጠይቆ ነበር። ሾፌሩ መብላት ጀመረ፣ መተኛት ጀመረ። እጁ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይርገበገባል፤ ከቀትር በኋላ ይረጋል። የመጨረሻውን መለኪያ የሰጠሁት ለት ሽንኩርትና ውኃ ብቻ ነበር። አወቀ። ጠጥቶ መለኪያውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ፤ ጠርዙ ላይ የቀረችው ጠብታ እንኳ አልወደቀችም።

መርማሪው ከጎንደር በመኪና መጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከሃምሳ አለቃው ይልቅ እሱን ፈራሁት። ሁለታችንንም ፊት ለፊት አስቀመጠን። ጠረጴዛው ላይ የራሴ ትሪ፣ የራሴ መለኪያ አለ። ጀሪካኑን አስመጣና ራሱ ቀዳ። አሁን ውኃም ሽንኩርትም የለበትም። ጤና አዳሙ ቤቱን ሞላው።

«መጠጥ እንደምትወድ ሰምቻለሁ» አለው ሾፌሩን። መለኪያውን ወደ እሱ ገፋው። «እኔ ሰው በመምታት አላምንም። ጠጣ። ከዚያ እንጨዋወታለን። ሲያልቅ ደግሞ እቀዳልሃለሁ።»

ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ሁለተኛና ሦስተኛ መለኪያ ላይ ምን እንደሚሆን እሱም ያውቃል።

ሾፌሩ መለኪያውን አየው።  ዓመታት ሙሉ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ የቆየው ነገር በጥቂት ቀን ከሰው አይወጣም፤ እጅ ከረጋም በኋላ አፍ ያስታውሳል። ከንፈሩ ሲርስ አየሁ። እኔ ሴትዮዋ፣ የሸጥኩለት፣ ያጠጣሁት፣ ያስለመድኩት፣ እዚያ ተቀምጬ «በስመአብ አትጠጣ» ማለት አልቻልኩም። ብናገር ሁለታችንንም እጨርሳለሁ።

እጁን አነሳ። ሊያነሳው ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ ያ በግራሶ የጠቆረ ሰፊ መዳፉ መለኪያው ላይ ወረደና ከደነው።

መጠጥ ቤት ለገባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በቃኝ፣ አትቅጅልኝ ማለት ነው። በቤቴ ሌላው ሁሉ ሲያደርገው አይቻለሁ። ይህ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አድርጎት አያውቅም። እጁን አየሁት። አይንቀጠቀጥም።

«ወባ ይዞኝ ነው» አለ። «መድኃኒት ላይ ነኝ።»

«ከመቼ ወዲህ?» አለ መርማሪው፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

ያኔ ሃምሳ አለቃው ከኋላ ተቻኮለ። «እውነት ነው ጓድ! ክፉኛ ወባ ይዞት ነበር። ሞቶ ነው የተነሳ።» ጀሪካኑ ለምን እንዲህ እንደጎደለ ወደሚለው ጥያቄ እንዳይሄድ ነው የተቻኮለው። እሱ እውነት ነው ብሎ የመሰከረለት የእኔ ውሸት እኛን አዳነን።

መርማሪው ብዙ ጠየቀ። ሾፌሩ ሰሊጥ ነው የጫንኩት፣ ጆንያ ነው የጫንኩት አለ፤ ከዚያ ወዲያ አላለፈም። ሲሰለቸው መርማሪው መለኪያውን ከሾፌሩ መዳፍ ሥር ሳብ አደረገና ራሱ ጨለጠው። «ጥሩ አረቄ ነው» አለ። የሥራ ነገር ሆኖብኝ «ይስማማዎት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

በነጋታው ጎረቤቴ ስንቅ ይዛልኝ መጣች። ሚሊሺያው አገልግሉን ሲፈትሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አጨዳው አልቋል። ሳሉጎቹ ተበትነዋል» አለችኝ። «ልጁም ተሻግሯል፤ ያሻገረው ሰው አንቺን ቤትሽ ቢያጣሽ ለእኔ ነገረኝ። ሰላም ብሎሻል።»

ሳቅሁ። አለቀስኩ። ደግሞ ሳቅሁ። ሚሊሺያው ደነገጠ። «ምነው እትዬ? ወባው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፣ «አሁን ግን ለቀቀኝ።» ቆርቆሮውን በጡጫዬ መታሁት። ከወዲያ በኩል ሾፌሩ መልሶ መታ። ምን እንደሆነ ሳልነግረው ገባው።

እኔ ክረምት ሳይገባ ተለቀቅሁ። እሱን ጎንደር ወሰዱትና ብዙ ቆየ፤ ግን ተመለሰ። ወንድሜም መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ፤ አሁን ጎንደር ተቀምጦ ስለ ጉልበቱ ሲያማርር ይውላል። ሲያማርር ስሰማው ደስ ይለኛል። ጉልበት እስኪያም ድረስ መኖር ቀላል ነገር አይደለም።

አረቄ ማውጣት ተውኩ ብዬ አልዋሽም። ኋላ የወለድኳቸውን ልጆች ማሳደግ ነበረብኝ። ግን ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የገባን ሰው «ወባ ነው» ሲለኝ እሺ ብዬ አላልፈውም። አስቀምጬ፣ መጀመሪያ አብልቼ፣ እየቀነሰ እንዲተው እነግረዋለሁ። የሚሰማኝ አለ፤ የማይሰማኝ ይበዛል።

ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም። አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ከደሜስ እዚያው መጋዘን ውስጥ ወጥቷል» አለኝ። «ግን ጠዋት ሞተር ሲነሳ ስሰማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ፣ አሁንም ምራቄ ይመጣል።» ይህን ሲለኝ አላፈረም፤ እንደ ጉንፋን ነው ያወራልኝ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። በሳምንት አንዴ ይመጣና ጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ከርከዴ፣ ያን የሱዳኖች ቀይ የአበባ ሻይ፣ አቀርብለታለሁ። አንዱን ብርጭቆ ጠጥቶ ሁለተኛውን ልቀዳ ስል መዳፉን ብርጭቆው ላይ ያደርጋል። በቃኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። እኔም ሁልጊዜ ያን መዳፍ አየዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን እጁ ብርጭቆው ላይ ተንቀጠቀጠ። እርጅና ነው፤ ሁለታችንም አውቀናል።

«ወባ ይዞሃል መሰለኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ የድሮ ሳቁ ጎረቤት ተሰማ።

«እንግዲያው እሜቴ» አለኝ፣ «ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ አምጪ።»